«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ቢልህም ኮንደንሰሩን አትጣለው

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ጎንደር ነው። ከአባቴ የወረስኳት ቮልስ አለችኝ፤ ለሰርግ አከራያታለሁ። የካቲት ላይ እዚሁ ከተማ ካለ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ሦስት የሞተር እሳት ዕቃዎች፣ ፑንቲና፣ ኮንደንሰርና ሮተር፣ በ4,500 ብር ገዛሁ። ባለሱቁ ‹ኦርጅናል የጀርመን ነው› ብሎ ነው የሸጠልኝ። ኮንደንሰሩ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ፤ ሌላ ቀየረልኝ። ሁለተኛው ደግሞ የዳግማዊ ትንሣኤ እሑድ ሙሽሮቹን ይዤ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ መንገድ ላይ ጣለኝ። የተቀበልኩትን 12,000 ብር ኪራይ መለስኩ። ሰኞ ሱቁ ስሄድ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም› አሳየኝ። ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ የከፈልኩት በቴሌብር ነው። ልከሰው እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ ትችላለህ። ግን ወደ ሕጉ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኮንደንሰሩ የት ነው?

ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የመጣብኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ሲቀየርልህ ባለሱቁ ጋ ቀርቷል፤ እሱ አልፏል። ሁለተኛውን ግን መካኒኩ ፈትቶ ጠረጴዛው ሥር ወርውሮት ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁምና ሄደህ ፈልገው። ከነሽቦው በላስቲክ ጠቅልለህ፣ የተፈታበትን ቀን ጽፈህ አስቀምጠው። አብሮት የተፈታውን ፑንቲናም ጨምርበት፤ የተቃጠለው ጫፉ ራሱ ብዙ ይናገራል። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ሰው የሚሸነፈው ሕጉ ስለማይደግፈው ሳይሆን «ተበላሸ» ያለውን ዕቃ ዳኛው ፊት ማቅረብ ስለሚያቅተው ነው።

ኮንደንሰር የአውራ ጣት አንጓ የምታክል፣ አንድ ሽቦ የወጣላት ትንሽ የብረት ጣሳ ናት። ፑንቲናው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ክፍል) በተከፈተ ቁጥር እዚያ ላይ ሊፈነዳ የሚለውን እሳት ወደ ውስጧ ትቀበላለች፤ ያኔ ኃይሉን ከፍ የሚያደርገው ቦቢና ባንዴ ነዳጁን ወደሚያቀጣጥለው ካንዴላ ይልከዋል። ውስጧ ያለው መጠቅለያ ደካማ ከሆነ ግን ስትቀዘቅዝ ደህና ትሠራለች፣ ስትሞቅ ታፈሳለች። መኪናው ዳገት ላይ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል፣ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። አንተንም የገጠመህ ይኸው ይመስለኛል። እሳቱን ለየካንዴላው በሚያድለው ሮተርም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ፕላስቲኩ ጥራት ከሌለው እሳቱ በውስጡ አልፎ ወደ ዘንጉ ያመልጣል፣ ከሥሩ ገልብጠህ በደንብ ካላየኸው በስተቀር የፀጉር ያህል የቀጠነችውን ጥቁር መስመር አታገኛትም።

ይህን ያወራሁት መካኒክነት አምሮኝ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢ ዕቃውን እንደተረከበ፣ አጋጣሚውን እንዳገኘ እንዲመረምር ያዛል (ቁጥር 2291)። ባለሱቁም «ስትገዛ አይተኸው፣ ነክተኸው ነው የወሰድከው» ማለቱ አይቀርም። መልስህ ግልጽ ይሁን፤ ይህ ጉድለት በዓይን አይታይም፣ የሚወጣው ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ ነው። በምርመራ ሊገኝ የማይችል ስውር ጉድለት መብትህን አያሳጣህም፤ ግን ባወቅከው ጊዜ ሳትዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለብህ (ቁጥር 2292)። ሰኞ ሱቁ መሄድህ ጥሩ ነው። አፍ ላይ የቀረ ነገር ግን ነገ ይካዳል፤ ዛሬውኑ በጽሑፍ አድርገው።

አሁን «ኦርጅናል» ወደሚለው ቃል ልምጣ። ኮፒ ዕቃ መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም። ቮልስ ለመጨረሻ ጊዜ ሜክሲኮ ውስጥ የተመረተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ገበያ ላይ ከሚገኘው አዲስ ዕቃ ብዙው ሌሎች ፋብሪካዎች አስመስለው የሠሩት ነው፣ ከዚያም ውስጥ ደህናው ብዙ ነው። ባለሱቁ «ኮፒ ነው፣ ዋጋውም የኮፒ ነው» ብሎህ ቢሆን ኖሮ ቅሬታህ ይቀል ነበር እንጂ አይጠፋም ነበር። ምክንያቱም ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት የነጻ ለመሆኑ ዋስ ነው (ቁጥር 2287)፤ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ የሚያስፈልገው ጥራት ከሌለው፣ ወይም በውሉ የተነገረለት ጥራት ከጎደለው ጉድለት አለበት ይባላል (ቁጥር 2289)። ያንተ ኮንደንሰር በሁለቱም ይወድቃል። ሞተር ሲሞቅ የማይሠራ ኮንደንሰር ለምን ይገዛል?

የግድግዳው ወረቀት አያስፈራህ። እኔ እንደማየው «አይመለስም» የሚለው ቀለሙ አልወደድኩትም ብሎ ለሚመለስ ሰው ይሠራ ይሆናል። ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሸጠ ግን ከኃላፊነት የሚያወጣ ስምምነት እንኳ ዋጋ የለውም፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀትማ ይቅርና። ደግሞ ራሱ አንድ ጊዜ ቀይሮልሃል። የመጀመሪያው ደህና ከነበረ ለምን ቀየረው? ይህን ጥያቄ ዳኛው ፊት ብትጠይቀው መልስ የለውም።

ደረሰኝ ባለመኖሩም አትደንግጥ። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፣ በምስክር ይረጋገጣል። ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ያለበት እሱ ነው፤ አለመስጠቱ የእሱ ጥፋት እንጂ ያንተ አይደለም። የቴሌብሩ መልእክት ቀኑን፣ መጠኑንና የተቀባዩን ስም ይዟል። ከባለሱቁ ጋር በቴሌግራም የተጻጻፋችሁት ካለ አታጥፋው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ዓይነት መልእክት ሕጋዊ እውቅና ይሰጣል።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃ ጉድለት ሲገኝበት ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ለማለት ከግዢው ጀምሮ 15 ቀን ይሰጣል። አንተን እዚህ ላይ ጊዜው አልፎሃል፣ የመጀመሪያውም የሞተው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ስለዚህ ዋናው መንገድህ ፍትሐ ብሔሩ ነው። እሱ ጉድለቱን ካስታወቅክበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ይሰጥሃል (ቁጥር 2298)። ይበቃሃል፤ ግን «ገና ነው» እያልክ ክረምቱን አታሳልፈው።

ከባዱ ጉዳይ 12,000 ብሩ ነው። የዕቃው 4,500 ብር ይመለስልኝ ማለት ቀላል ነው። የቀረብህን ኪራይ ግን በአንዲት ትንሽ ኮንደንሰር ምክንያት ከባለሱቅ ለመጠየቅ አንድ ነገር ማስረዳት አለብህ። ካሳ በመደበኛው የሚተመነው እንዲህ ያለ የውል ጉድለት በተለምዶ ሊያደርስ በሚችለው ጉዳት ልክ ነው (ቁጥር 1799)። ከዚያ የበለጠ ለማግኘት ስትገዛ ልዩ ሁኔታህን ለሻጩ ነግረኸው መሆን አለበት (ቁጥር 1801)። እና አስታውስ፤ «ለሰርግ ሥራ ነው፣ እንዳታሳፍረኝ» ብለኸዋል? መካኒኩ ሰምቷል? ቴሌግራሙ ላይ አለ? ካለ 12,000ውን በሙሉ ልብ ጠይቅ። ከሌለ ዕድልህ ጠባብ ነው፤ ጠበቃ ሁሉ ይህን በግልጽ ሊነግርህ ይገባል።

ሌላም እውነት ልንገርህ፣ አትከፋብኝ። መኪና የማከራየት ንግድ ፈቃድ አለህ? ደብዳቤህ ላይ አልጠቀስከውም። ከሌለህ የባለሱቁ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንን ነው፤ ያለ ፈቃድ ከሚሠራ ንግድ የቀረ ገቢ መጠየቅ አንተኑ ጥያቄ ውስጥ ይከትሃል። እንደዚያ ከሆነ የዕቃውን ዋጋና ለመካኒክ የከፈልከውን ብቻ ጠይቅ። በሙሽሮቹ ፊት የደረሰብህ ሐፍረት በጣም ይገባኛል፤ የአባትህ መኪና ናት፣ መንገድ ዳር ቬሎ የለበሰች ልጅ ፀሐይ ላይ ቆማ ማየት ያማል። ሕጋችን ግን የሞራል ካሳ የሚሰጠው በግልጽ በፈቀደበት ቦታ ብቻ ስለሆነ እሱን አትቁጠረው።

ካርቶኑ ላይ የታወቀ የጀርመን ፋብሪካ ስም ከነበረና ዕቃው የዚያ ፋብሪካ ካልሆነ ነገሩ ከኮፒነት አልፎ የንግድ ምልክት ጉዳይ ይሆናል (አዋጅ ቁጥር 501/1998)፤ እያወቀ ሸጦት ከሆነም የማታለል ወንጀል ሊመጣ ይችላል። ግን «እያወቀ» የሚለው ይከብዳል። እሱም ከአስመጪው ተታሎ ሊሆን ይችላል። ሱቁ ሄደህ «ገንዘቤን ካላመጣህ አሳስርሃለሁ» እንዳትል፤ ያ ንግግር ዞሮ አንተ ላይ ክስ ሊሆን ይችላል። ካርቶኑን አስቀምጥና ለከተማው ንግድ መምሪያ አሳይ።

ባለሱቁ «መካኒክህ ነው ያበላሸው» ወይም «ዲናሞህ ከልክ በላይ እየሞላ አቃጠለው» ይልሃል። ቀድመህ ዝጋበት። ሌላ ገለልተኛ የመኪና ኤሌትሪሽያን፣ ቢቻል ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው፣ የቻርጁን ቮልት (12 ቮልት ከሆነች 14 አካባቢ) እና የፑንቲናውን ክፍተት (0.4 ሚሊ ሜትር) ለክቶ፣ ኮንደንሰሩንም አሙቆ ፈትሾ በፊርማው ይስጥህ። ክስ እንኳ ባይመጣ ያ ወረቀት በሽምግልና ላይ ይጠቅማል። እኔም መጀመሪያ ባለሱቁ የሚያከብረውን አንድ ሽማግሌ ይዘህ ብትሄድ እመርጣለሁ፤ ለ4,500 ብር የወረዳ ፍርድ ቤት ደጅ ስትመላለስ ከዕቃው ዋጋ በላይ ታወጣለህ። ከተስማማችሁ ግን በወረቀት ይስፈር፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ «በዚህ ቀን ከሱቅዎ ኦርጅናል ነው ተብዬ የገዛሁት ኮንደንሰር ሞተሩ ሲሞቅ መሥራት አቁሟል። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ቀይረውልኛል። ዕቃውን ይዤዋለሁ፣ መጥተው ማየት ይችላሉ። በ10 ቀን ውስጥ ዋጋውን እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ።» ሁለት ኮፒ አድርገውና አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርምልህ። እምቢ ካለ ሁለት ሰው ይዘህ ሄደህ እነሱ ባሉበት ስጠው፤ ፎቶውንም በዚያው ቀን በቴሌግራም ላክለት።