ሳይበር ሴኩሪቲ በዲግሪ ልማር? ጥያቄና መልስ

ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ወደ ኔትወርክ፣ ከኔትወርክ ደግሞ ወደ ሳይበር ሴኩሪቲ፣ ማለትም ኮምፒውተርን፣ ኔትወርክንና ዳታን ከጥቃት ወደመጠበቁ ሙያ፣ የገባሁ ሰው ነኝ። ዲፓርትመንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር ስልኬ በጥያቄ ይጨናነቃል። ዛሬ ከሰዓቱን ለዚሁ ሰጥቻለሁ። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፍሬሽማን ልጨርስ ነው። ሳይበር ሴኩሪቲ መማር እፈልጋለሁ፤ ግቢያችን ውስጥ ግን በዚህ ስም ዲፓርትመንት የለም። ዊዝድሮዋል ሞልቼ ሌላ ቦታ ልሞክር?

መልስ፦ ኧረ እንዳትሞላ! አገራችን ውስጥ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጡት ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስና ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ነው። ሴኩሪቲ አንድ ሁለት ኮርስ ሆኖ ይመጣል። በስሙ አትጨነቅ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ እንዴት እንደሚቀይር አልገባህም እንበል። አንድ ኮምፒውተር በሌሊት በሺህ የሚቆጠሩ እንግዳ የዲኤንኤስ ጥያቄዎች ሲልክ ብታይ «ኢንተርኔቱ ተጨናንቋል» ብለህ ታልፋለህ። የገባው ሰው ግን «በዚህ በኩል ዳታ እየወጣ ይሆን?» ብሎ ይጠረጥራል። ይህን ጥርጣሬ የሚሰጥህ የኔትወርክ ኮርስ ነው፤ ያ ሰው ሁሉ ለፈተና ሸምድዶ የሚገላገለው ኮርስ። ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ዳታቤዝም እንደዚያው።

እኔ ዛሬ ብመርጥ ኮምፒውተር ሳይንስን እመርጣለሁ። አራት ዓመት ነው፤ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ አምስት። ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና እንዳለ አትርሳ። 50 በመቶ ካላመጣህ ዲግሪው የለም። ሌሊቱን ሀኪንግ ሲለማመዱ አድረው ክፍል ውስጥ የሚተኙ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። ፈተናው ግን ስለ ሀኪንግ ብቻ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ። ይከብደኛል?

መልስ፦ የሚያስፈራሽ ካልኩለስ ከሆነ አይዞሽ፣ ስራ ላይ ብዙም አታገኚውም። ዲስክሪት ማትስን (ሎጂክንና ሙሉ ቁጥሮችን የሚያጠናውን ሒሳብ) ግን እንዳትዘይው። እስቲ 61ን በ53 አባዢ። 3233። ወረቀትና እስክሪብቶ በቂ ነው። አሁን 3233ን ብቻ ለጓደኛሽ ስጪና «የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው?» በያት። ላቧ ጠብ እስኪል ትፈልጋለች። አርኤስኤ የሚባለው የምስጠራ ዘዴ የቆመው በዚህች ነገር ላይ ነው፤ ማባዛቱ ቀላል፣ መፍታቱ ከባድ። ዛሬ በተለምዶ የምንጠቀምበት ቁጥር 617 አሃዝ ያህል ይረዝማል። ይህን ስታነቢ «ዋው» ካልሽ ሒሳቡ አይጥልሽም።

ጥያቄ፦ ስራው ቀኑን ሙሉ ሀክ ማድረግና ሀከር መያዝ ነው?

መልስ፦ ቢሆንማ እንዴት ደስ ባለኝ! አብዛኛው ቀን ሎግ (ሲስተሙ ላይ የተደረገው ሁሉ የሚመዘገብበትን ፋይል) ማንበብ፣ ሶፍትዌር ማደስ፣ የማን ፈቃድ እስከየት እንደሆነ መፈተሽና ሪፖርት መጻፍ ነው። አሰልቺ ይመስላል። ግን ዋናክራይን ተመልከት። በፈረንጆቹ ግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የታካሚዎችን ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰው ነበር። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ግን ማይክሮሶፍት ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነው። ያን አሰልቺ ስራ በሰዓቱ የሰራ ተረፈ።

ሌላም ልጨምር። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን በተለይ ግቢ የነበራችሁ አትረሱትም። ሰው ሂሳቡ ላይ የሌለውን ብር እያወጣ በአንድ ሌሊት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር ነው አለ። ስለዚህ ሀከር የለም። ነገር ግን ሴኩሪቲ ስንማር የምንጀምረው በሦስት ነገር ነው፤ ምስጢሩ እንዳይወጣ፣ ዳታው እንዳይዛባ፣ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ። ያን ሌሊት የተናጋው ሁለተኛው ነው። አንድ ለውጥ ስራ ላይ ከመዋሉ በፊት ማን እንደሚፈትሸው፣ ችግር ቢመጣ እንዴት ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ማሰብም የኛ ሙያ ነው።

በራሴም ደርሷል። የመጀመሪያ ስራዬ ላይ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ከቤቴ ሆኜ ፋየርዎል (ወደ ኔትወርኩ ማን እንደሚገባና እንደማይገባ የሚወስነው አጥር) ላይ አንድ ህግ ጨመርኩ። የቆለፍኩት ራሴን ነበር። በዚያ ሌሊት ራይድ ጠርቼ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። ጥበቃው እስካሁን ሲያየኝ ይስቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ጨርሳለች። እኔ ሕክምና ብትገባ ደስ ይለኛል። ይሄ ሳይበር የምትለው እንጀራ ይወጣዋል? ለሴት ልጅስ?

መልስ፦ እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እንደተመረቀች «የሳይበር ባለሙያ» ተብላ የምትቀጠርበት ዕድል ጠባብ ነው። ብዙዎቻችን የጀመርነው በአይቲ ድጋፍ ወይም በኔትወርክ ነው፤ ከዚያ ነው ወደዚህ የተሻገርነው። ቀጣሪዎቹ በአብዛኛው ባንኮች፣ ቴሌኮሞችና የመንግስት ተቋማት ናቸው። በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ስለወጣ ደግሞ የደንበኛ መረጃ የያዘ ድርጅት ሁሉ ስለ ጥበቃው ማሰብ ግድ ሆኖበታል። ሴት መሆኗ ምንም አያግዳትም። የሌሊት ፈረቃ ያላቸው ቦታዎች አሉ፤ ስትቀጠር የሰርቪሱን ነገር አስቀድማ ትጠይቅ። የሕክምናውን ነገር ግን ከእርሷ ጋር ይነጋገሩ፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ላፕቶፕ ልግዛ? ብሬ ትንሽ ነው።

መልስ፦ ስላሽ (ያገለገለ) ይበቃሃል። ራሙ 8 ጊጋ ቢሆን ትጀምራለህ፣ 16 ከሆነ ሁለት ሦስት ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተርህ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሰራ ሶፍትዌር) አንድ ላይ ታስነሳለህ። ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ለግራፊክስ ካርድ ብር አታውጣ። ካሊ ሊኑክስን (ለሴኩሪቲ ፍተሻ የተዘጋጀውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ዋና ሲስተምህ አድርገህ አትጫነው፤ ቨርቹዋል ማሽን በሚያስነሳው ቨርቹዋል ቦክስ ውስጥ ይበቃዋል።

ላፕቶፕ ገና ከሌለህ በስልክህ ተርመክስን (የሊኑክስ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን አፕ) ጫንና ኦቨርዘዋየር የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለውን «ባንዲት» የሚባል ጨዋታ ጀምር። ነጻ ነው። ሁሉም ነገር ጽሑፍ ስለሆነ ፓኬጅህን አይበላም። ሊኑክስን እየተጫወትክ ትለምዳለህ። ክረምት ላይ ደግሞ የኢንሳን (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን) የሳይበር ታለንት ጥሪ ተከታተል።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነኝ። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ገና አንድ ዓመቴ ነው። ዘመዶቼ «ዲግሪ ምን ያደርግልሃል፣ ሴኩሪቲ ፕላስ ተፈትነህ ግባ» ይሉኛል።

መልስ፦ ዘመዶችህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እናንተ አካባቢ ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የሚሰሩ ኮንትራክተሮች ሴኩሪቲ ፕላስን፣ ማለትም የጀማሪዎችን የሴኩሪቲ ሰርተፍኬት፣ ይጠይቃሉ። ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ የደህንነት ክሊራንስም፣ ማለትም ምስጢራዊ መረጃ ለማየት መንግስት የሚሰጠውን ፈቃድ፣ ይፈልጋሉ። ለዚያ ደግሞ በመደበኛው ዜግነት ያስፈልጋል። ፈተናው ከ400 ዶላር በላይ ነው። ሰርተፍኬቱን ብቻ ይዘህ፣ ያለ ልምድና ያለ ክሊራንስ፣ ዓመት ሙሉ ስታመለክት ልትከርም ትችላለህ።

እኔ ብሆን ኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሬ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ እዛወራለሁ። ክፍያው በጣም ይቀላል። የምትገባበት ትምህርት ቤት በአሜሪካ ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ የሳይበር ልህቀት ማዕከላት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እይ። ሳይበርኮርፕስ የሚባል የመንግስት ስኮላርሺፕም አለ። ግሪን ካርድ ያለው ማመልከት ይችላል። ከተመረቅክ በኋላ ግን ስኮላርሺፑን የወሰድክበትን ጊዜ ያህል ለመንግስት ማገልገል ግዴታ ነው። የምትቀጥርህ መስሪያ ቤት ዜግነት ትጠይቅ እንደሆነ ከመፈረምህ በፊት አጣራ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የእጮኛዬን ቴሌግራም መጥለፍ ይቻላል? ትንሽ ጠርጥሬ ነው።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሳይመጣ ቢቀር ይገርመኝ ነበር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ክፈት፤ ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት፣ ምንም ሳትሰርቅም፣ ወንጀል ነው። ለተማሪዎችም ይሄው ነው፤ የዩኒቨርሲቲያችሁን ሬጅስትራር «ለመፈተሽ ብዬ ነው» አይሰራም። የጽሑፍ ፈቃድ ከሌላችሁ አትንኩ። አንተ ግን እጮኛህን ቡና ጋብዛትና ጠይቃት።

ጥያቄ፦ ቅድም የነገርከኝን ባንዲት ጀመርኩ። አምስተኛው ደረጃ ላይ ተጣብቄያለሁ። ሃያ ፎልደር አለ፣ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ነው።

መልስ፦ ጎበዝ፣ ቶሎ ሄደሃል! አንድ በአንድ አትክፈት። የምትፈልገው ፋይል 1033 ባይት እንደሆነ ጥያቄው ራሱ ነግሮሃል። «ፋይንድ» የሚለውን ትዕዛዝ ማኑዋል ክፈትና በመጠን እንዴት እንደሚፈለግ አንብብ። የቀረውን አልነግርህም።