ወደ ሞዝል የወይን መንደር ለምትሄዱ ወገኖች

በጀርመን የምትኖሩ ወገኖቼ፣ የወይን አገር ማየት ስታስቡ ብዙዎቻችሁ የምትመርጡት የመከሩን ሰሞንና የበዓሉን ግርግር ነው። እኔ ግን በጁን አጋማሽ ገደማ፣ ከኮብሌንዝ ብዙም ሳትርቅ በሞዝል ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ቪኒንገን እንድትሄዱ እመክራለሁ። መከር ሲቃረብ ገበሬዎቹ በወይኑ መካከል የሚያልፉ መንገዶችን ለእንግዳ ሊዘጉ ይችላሉ፤ በጁን ግን ቁልቁለቱን በእግር እንደ ልብ መውጣት ይቻላል፤ ጠንካራ ጫማ ብቻ አይለያችሁ።

ከመንደሩ አጠገብ ያለው ኡለን የተባለ የወይን ቁልቁለት፣ ያለ ማያያዣ በተደረደረ የድንጋይ ካብ የተደገፈ ጠባብ እርከን የተደራረበበት ሲሆን፣ የኮንሶን እርከን ያየ ሰው የልፋቱን መጠን ለመገመት አይቸገርም። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት መልሶ ስለሚሰጥ፣ ዘግይቶ የሚበስለው ሪስሊንግ የተባለው የወይን ዝርያ በዚህ ቀዝቃዛ አገር ሊበስል ችሏል።

ከካቡ ስንጥቅ የሚበቅል ነጭ አበባ ያለው ትንሽ ተክል አለ፤ አባጨጓሬው ይህንኑ ተክል የሚመገብ፣ በሞዝል ሸለቆ ብቻ የሚገኝ የአፖሎ ቢራቢሮ ዓይነትም አለ። ነጭ ክንፉ ላይ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ይህን ቢራቢሮ ማየት ለእኔ ከየትኛውም የወይን ቅምሻ ይበልጣል፤ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ግን መያዝ ክልክል ነው። ገበሬው በልፋቱ ተማሮ እርከኑን ሲተወው ቁጥቋጦ ይወርሰዋል፤ ጥላው ተክሉን ያጠፋዋል፤ ቢራቢሮውም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ወይን የምትገዙ ከሆነ ከሱፐርማርኬት ይልቅ በቀጥታ ከአምራቹ ግዙ። ሽትራውስቪርትሻፍት የሚባሉት፣ አምራቾቹ የራሳቸውን ወይን የሚያስጠጡባቸው ቤቶች ቢበዛ 40 መቀመጫ ያላቸውና በዓመት ከአራት ወር በላይ የማይከፈቱ በመሆናቸው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። መንደሯ ባቡር ጣቢያ ስላላት መኪናችሁን ከቤት ተዉት፤ ለአሽከርካሪ የተፈቀደው የአልኮል መጠን በደም ውስጥ ከ0.5 ፕሮሚል (ከሺህ ግማሽ እጅ) በታች ሲሆን፣ ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ወይም መንጃ ፈቃዱ በሙከራ ጊዜ ላይ ላለ ሰው ጭራሽ አይፈቀድም። ጊዜ ከተረፋችሁ በዚያው ባቡር መስመር እስከ ትሪር ዘልቃችሁ፣ በ1878 ኖይማገን በተባለ የሞዝል መንደር የተገኘውን፣ የወይን በርሜል የጫነ መርከብ የሚያሳይ የሮማውያን የድንጋይ ቅርጽ በክልሉ ሙዚየም ተመልከቱ።