ስፒከር ሳይሰካ አምፕ አይበራም፦ ስለ ቲዩብ አምፕና አቴኑዌተር የላካችኋቸው ጥያቄዎች

አቴኑዌተር በጊታር አምፕና በስፒከር መሃል የሚገባ ሳጥን ነው። አምፑ ከሚያወጣው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ቀይሮ ትንሹን ለስፒከሩ ያሳልፋል። ቲዩብ አምፕ (በትራንዚስተር ፋንታ ቲዩብ በሚባሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራው) የሚያምርበት ቮልዩሙ ሲከፈት ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ለሚጫወት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። በትክክል ከተሰካ ማለቴ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ወንድማችን 50 ዋት አምፕ አለው። 50 ዋት የሚችል አቴኑዌተር በርካሽ አግኝቷል። «እኩል ናቸው፣ ልግዛው?» ይላል።

አትግዛው። አምፑ ላይ የተጻፈው 50 ዋት፣ ድምፁ ሳይሰበር የሚያወጣው ነው። እስከ ጥግ ስትከፍተው ከ70 ዋት በላይ ሊያወጣ ይችላል። አቴኑዌተር የምትገዛው ደግሞ እስከ ጥግ ለመክፈት ነው። ስለዚህ እጥፉን፣ 100 ዋት የሚችለውን ፈልግ።

ኦሙንም፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ መጠኑን፣ እይ። አምፑን 8 ኦም ላይ ካደረግከው የአቴኑዌተሩ መግቢያም 8 ኦም ይሁን። ቲኤችዲ ሆት ፕሌትን የመሳሰሉ አቴኑዌተሮች ለእያንዳንዱ ኦም ለየብቻ የተሠሩ ናቸው። ያገለገለ ስትገዛ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳታነብ ብር አትክፈል።

አንዲት እህት ከአምፑ ወደ አቴኑዌተሩ የጊታር ገመዷን ሰክታለች። «ጫፉ አንድ ዓይነት ነው፣ ልክ ገባ» ትላለች።

ዛሬውኑ አምፑን አጥፊና ንቀይው። ጫፉ ቢመሳሰልም ውስጡ ሌላ ነው። የጊታር ገመድ መሃሉ ላይ ያለው ሽቦ ቀጭን ነው፤ የተሠራው ከፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ከሚቀበለው የጊታሩ ክፍል፣ ለሚወጣው ደካማ ሲግናል ነው። የስፒከር ገመድ ግን ሁለት ወፍራም ሽቦዎች አሉት። ቀጭኑ ይግላል፣ ሊበጠስም ይችላል። ከተበጠሰ ምን እንደሚከተል ከታች አለልሽ።

አዲስ አበባ፣ በመዝሙር ቡድን ውስጥ ጊታር የሚጫወት ወጣት። የአምፑ ድምፅ ስለበዛባቸው ስፒከሩን ነቅለው፣ ከስፒከር መውጫው ቀጥታ ወደ ሚክሰር ወሰዱት። ትንሽ ከሠራ በኋላ የተቃጠለ ነገር ሸተታቸው። «ምን አጠፋን?» ይላል።

ይህ ጥያቄ በተለያየ መልክ ደጋግሞ ይመጣልኛል፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ቲዩብ አምፕ ውስጥ አውትፑት ትራንስፎርመር የሚባል ከባድ ብረት አለ። ሥራው ከቲዩቦቹ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ስፒከር ወደሚችለው ዝቅተኛ ቮልቴጅና ከፍተኛ ከረንት መለወጥ ነው። ስፒከሩ ያንን ኃይል ይቀበላል፤ ሎዱ እሱ ነው። ስፒከሩን ነቅላችሁ ጊታሩን ስትመቱ ኃይሉ መሄጃ ያጣል። ቮልቴጁ ወደ ኋላ ይዘላል፣ ከሺህ ቮልት በላይም ሊደርስ ይችላል። ያኔ በቲዩቡ ሶኬት ፒኖች መካከል እሳት ይረጫል፣ ወይም የትራንስፎርመሩ ጥቅል ሽቦ ኢንሱሌሽኑ ይበሳል። የሸተታችሁ ምናልባት እሱ ነው።

«ሚክሰሩ ተሰክቷል እኮ» ትሉ ይሆናል። የሚክሰር መግቢያ በሺዎች የሚቆጠር ኦም ነው፤ ለአምፑ ምንም እንዳልተሰካ ይቆጠራል። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ የፌንደር አምፖች ዋናው የስፒከር ጃክ ባዶ ሲሆን ራሱን ሾርት ያደርጋል። ቲዩብ አምፕ ለአጭር ጊዜ ሾርትን ከባዶ መውጫ ይልቅ ስለሚችል ታስቦበት የተሠራ መከላከያ ነው። የሚክሰሩን ገመድ ስትሰኩ መከላከያውን ራሳችሁ ከፈታችሁት። ለሚክሰሩም ደግ አልሠራችሁም፤ የስፒከር ሲግናል ለእሱ እጅግ ይበዛበታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስፒከሩ እንደተሰካ ይቆይ፣ አቴኑዌተሩ መሃል ይግባ፣ ስፒከሩ ፊት ሹር ኤስኤም57 ማይክ አቁሙ። ስፒከር ጨርሶ የማትፈልጉ ከሆነ ሙሉ ሎድ መሆን የሚችልና ላይን አውት (ወደ ሚክሰር የሚሄድ መውጫ) ያለው አቴኑዌተር ፈልጉ። ሁሉም አቴኑዌተር ስፒከርን አይተካም፤ መመሪያውን አንብቡ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ገመዱ ሁሉ ይሰካ፣ ከዚያ አምፑ ይብራ። ስትነቅሉም መጀመሪያ አጥፉ።

አሁን ያንን አምፕ «እስቲ እንሞክረው» ብላችሁ እንዳታበሩት። ቲዩብ አምፕ ለሚያውቅ ቴክኒሻን ስጡት።

አንድ ታላቅ ወንድማችን ጎረቤት እንዳይሰማ አምፑንና አቴኑዌተሩን ጋቢ እንደሚያለብሱ ጽፈዋል።

እባክዎ ያንሱት። ሳጥኑ ሥራው መጋል ነው፤ አየር ይፈልጋል።

«አቴኑዌተር ከገዛሁ ወዲህ ቲዩቦቼ ቀልተዋል። እየበላቸው ነው?»

የሚበላቸው የከፈትከው ቮልዩም ነው። ኃይሉን ቲዩቡ እንደ ድሮው ያመርታል፤ አንተ ጋ ስለማይሰማ ረሳኸው እንጂ። ቀልተዋል ላልከው ግን መብራቱን አጥፍተህ ደህና አድርገህ እይ። መሃል ላይ ያለች ብርቱካናማ ክር የተለመደች ናት። በዙሪያዋ ያለው ግራጫ ብረት ራሱ ምጣድ ላይ እንደቆየ ማንኪያ ከቀላ ግን አምፑን ወዲያው አጥፋ።

ከዚያ በኋላ ክዳኑን ከፍተህ ለመፈተሽ እንዳትሞክር። ይህንን አጥብቄ ነው የምለምንህ። ከግድግዳ ከነቀልከውም በኋላ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሰው ይገድላል። ዩቲዩብ ላይ ቀላል ይመስላል። ቴክኒሻን ጋ ውሰደው፣ ሌላ አማራጭ የለህም።

«በጣም ስቀንሰው ድምፁ ይሞታል፤ ዕቃው ፎርጅድ ይሆን?»

ላይሆን ይችላል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ከመሃለኛው በበለጠ ያጣል። ስፒከሩም ሳይገፋ የራሱን ቅመም አይጨምርም። ቤዙንና ትሬብሉን ትንሽ ከፍ አድርጊ። 10 ዴሲቤል መቀነስ ከ100 ዋት ወደ 10 ዋት መውረድ ነው፤ ለጆሮ ግን ግማሽ ያህል ብቻ የቀነሰ ይመስላል። ከዚያ ጀምረሽ ቀስ በቀስ ውረጂ።

«የእኔ አምፕ ትራንዚስተር ነው። አቴኑዌተር ልግዛ?»

አያስፈልግህም። ቮልዩሙን ቀንስ።