እንግዳ የመሰለ ጂን ሁሉ መጤ አይደለም

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የባክቴሪያ ጂኖምን፣ ማለትም ሙሉ ዲኤንኤውን፣ በስሌት ማጥናት ለጀመራችሁ ነው። ጉዳዬ መጤ ጂን፣ ማለትም ከሌላ ባክቴሪያ የገባ ጂን፣ በፊደሎቹ ስርጭት እንዴት እንደሚፈለግና ፍለጋው የት ላይ እንደሚያሳስት ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሙያ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 የመረጃን ጽንሰ ሐሳብ ሲያቀርብ የሚሠራው በስልክ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ነበር። ኢንትሮፒ የተባለው የመረጃ መለኪያው ግን አራት ፊደል (ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ) ብቻ ላለው ለዲኤንኤም ይሆናል። አራቱ ፊደሎች በእኩል መጠን ከተገኙ እያንዳንዱ 2 ቢት (ቢት የመረጃ መስፈሪያ ነው) ይይዛል፤ ስርጭታቸው ካዘነበለ ከዚያ ያንሳል።

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከፊደሎቹ 38 በመቶው ጂ እና ሲ የሆኑበትን ጂን ኢንትሮፒ አስሉ፤ 1.96 ቢት ገደማ ይመጣል። 62 በመቶ የሆኑበትንም አስሉ፤ ያው 1.96 ነው። ሁለቱ ጂኖች ግን የአንድ ቤት ልጆች አይመስሉም። ኢንትሮፒ ስርጭቱ ምን ያህል እንዳዘነበለ እንጂ ወዴት እንዳዘነበለ አይነግራችሁም። ስለዚህ ጂኑን ከተሸካሚው ጂኖም ጋር የሚያነጻጽር መለኪያ ያዙ፤ ኩልባክና ላይብለር እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረቡት አንጻራዊ ኢንትሮፒ ለዚህ ይበጃል።

ነጠላ ፊደል ከመቁጠር ሁለት ሁለት ወይም አራት አራት እያደረጉ መቁጠር ይሻላል፤ ሆኖም አትቸኩሉ። ስድስት ስድስት ብታደርጉ 4,096 ዓይነት ጥምረት ይኖራል፤ አንድ ተራ ጂን ደግሞ 1,000 ፊደል ገደማ ነው። አብዛኛው ጥምረት አንዴም ሳይታይ ይቀራል፤ ከናሙና ማነስ የመጣውን ክፍተት ግኝት አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ።

የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ 4.6 ሚሊዮን ፊደሎች በ5,000 በ5,000 እየከፈልኩ እያንዳንዱ ክፍል ከጠቅላላው ጂኖም ምን ያህል እንደሚለይ መረመርኩ። ሥዕሉ ላይ ሰባት ረጃጅም ጫፎች ወጡ። ከሌላ ባክቴሪያ የገቡ ጂኖች አገኘሁ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። ጠዋት አንዲት ባልደረባዬ ቦታዎቹን ተመልክታ «እነዚህማ የራይቦዞም አር ኤን ኤ ጂኖች ናቸው» አለችኝ። ራይቦዞም ፕሮቲን የሚሠራው የሕዋስ ክፍል ነው። ባክቴሪያው ያለ እነርሱ ፕሮቲን ሊሠራ አይችልም፤ ከጥንትም የራሱ ናቸው። ፊደላቸው የተለየው የፕሮቲን መመሪያ ስለማይዙ፣ አር ኤን ኤው ራሱ ተጣጥፎ ቅርጽ ስለሚይዝ ነው። ቁጥሩ «ይለያሉ» ከማለት ያለፈ ነገር አልተናገረም ነበር። «ከውጭ መጡ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ወደ ስሌት ከመግባታችሁ በፊት ባክቴሪያውን እወቁት።

እንግዳ የመሰለ ክፍል ስታገኙ፣ በእርግጥ መጤ መሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶች እንዳሉ ጎረቤቶቹን መርምሩ። አጠገቡ መጤ ዲኤንኤ ብዙ ጊዜ የሚሰካበት የቲ አር ኤን ኤ ጂን አለ? ዲኤንኤን ቆርጦ የሚሰካ የኢንቴግሬዝ ጂንስ? በዳርና ዳሩ ተመሳሳይ አጭር ጽሑፍ ተደግሟል? በቅርብ ዘመዶቹ ጂኖም ውስጥ ያው ቦታ ባዶ ነው? ተመራማሪዎቹ ሎውረንስና ኦክማን እ.ኤ.አ. በ1998 ከኢ. ኮላይ 4,288 ጂኖች 755ቱን መጤ ያሏቸው ባክቴሪያው ከዘመዱ ከሳልሞኔላ ከተለየ ወዲህ የገቡትን ሲቆጥሩ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማይታየው መጤ ነው። የገባ ጂን በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የተቀባዩን የፊደል ልማድ እየያዘ ይሄዳል፤ ከቅርብ ዘመድ የመጣው ደግሞ ከመጀመሪያውም አይለይም። መድኃኒት የመቋቋም ጂን በፕላዝሚድ፣ ማለትም ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚያልፍ ትንሽ ዲኤንኤ፣ ተሳፍሮ በዘመዳሞች መካከል ሲያልፍ የፊደል ቆጠራችሁ ዝም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ቆጠራውን ተዉትና የጂኑን የዘር ሐረግ ሥሩ፤ ከባክቴሪያው የዘር ሐረግ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡና የት ላይ እንደሚለያዩ ፈልጉ።