መልስ፦ ከጅማ ተነስቶ ሲሸልስ ላይ ዓሣ ለማጥመድ
ወንድሜ፣ «ሲሸልስ ሄጄ በሞተር ጀልባ ደሴቶቹን እየዞርኩ ዓሣ ለማጥመድ መቼ ይሻላል?» ላልከው፣ ሚያዝያ ወይም ጥቅምት። ያኔ ነፋሱ ረገብ ይላል። ክረምቱን ተወው፤ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። እኔ ከቦዬ ኩሬ ሌላ ውሃ የማላውቅ የጅማ ልጅ፣ ሐምሌ ላይ ሄጄ ከማሄ ደሴት ተነስተን ፕራስሊን ደሴት እስክንደርስ የጠጣሁትን ቡና ሁሉ መለስኩት። መንገዱ እኮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው!

ማጥመዱ ደስ ይላል። ጀልባዋ ቀስ እያለች ማታለያውን፣ ማለትም ትንሽ ዓሣ የሚመስለውን ባለ መንጠቆ ነገር፣ ከኋላ ትጎትታለች። ወፎች ተሰብስበው ውሃው ላይ ሲወረወሩ ካየህ ወደዚያ ዙሩ፤ ብዙ ጊዜ ከሥር ቱና አለ። ክሩ ድንገት ሲምዘገዘግ በባዶ እጅህ እንዳትይዘው፣ ጣትህን ይሸረክተዋል። ውሃ ውስጥ ገብቶ በጦር መውጋት ግን እዚያ ክልክል ነው።