ሌክሰስ ሲቲ 200ኤች ላይ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ውሎዬ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ መኪና) ጥገና ላይ ነው። ዛሬ ተራው የትንሿ ሌክሰስ የሲቲ 200ኤች ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2011 እስከ 2017 ሞዴል የተሸጠችው። ከወዲሁ ልናገር፦ ብርቱካናማ ገመድ የሚገድል ከፍተኛ ቮልቴጅ አለበትና ያየ ሰው እጁን ይሰብስብ።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?

መልስ፦ ጥሩ ናት። ቀጣይ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ብዙ የተነዳች የ2012 ሞዴል ልገዛ ነው። ምኗን ልይ?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! የወንበሩን ቆዳ ተዪውና በጠዋት ሂጂ፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ራስሽ አስነሺው። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀሽ ተጠራጠሪ። ሲነሳ ከተንቀጠቀጠ፣ ኩላንቱም (ሞተር ማቀዝቀዣው ውሃ) እየጎደለ ከሆነ፣ የቴስታታ ጋስኬቱ (በሞተሩ ራስና አካል መሃል ያለው ማሸጊያ) ሳይሄድ አይቀርም። ሞተሯ የ2010 እስከ 2015ቱ ፕሪየስ 1.8 ሊትር ነው፤ ችግሩም ያው ነው። ጭስን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ኢጂአር በጥላሸት ይደፈናል። አስፈትተሽ አሳጥቢው። ሰው ይሄን ትቶ ጎማ ሲያገላብጥ ይውላል!

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ትልቁ ባትሪ ስንት ዓመት ይቆያል?

መልስ፦ እንደ አያያዝሽ ነው። 28 ሞጁል (ትናንሽ የባትሪ ክፍሎች)፣ በድምሩ 201.6 ቮልት፣ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፤ ከሻንጣው ወለል ስር ተቀምጧል። የሚገድለው ሙቀት ነው። የሚያቀዘቅዘው ፋን አየር የሚስበው ከኋላ ወንበር ጎን ካለችው ወንፊት ነው። እኛ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋቢውንም ነጠላውንም እዚያው ላይ እንከምረዋለን። አንዱን ፋን ስፈታ ክንፎቹ በጥጥ ብናኝና በውሻ ፀጉር ተለብጠው አገኘሁ፤ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረም። ወንፊቷን በየጊዜው በቫኪዩም ጥረጊ። ፋኑን ለማጽዳት ግን ሙያተኛ ይፍታው። ብርቱካናማውን ገመድ አትንኪ።

ከሲያትል፦ ምን ያደክማችኋል፣ ፕሪየስ እኮ ናት። ሱፍ ለብሳ ነው እንጂ።

ከአትላንታ፦ ወንድሜ፣ ነድተሃታል? የኋላ ሳስፔንሽኗ ደብል ዊሽቦን ነው፣ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው በሁለት ክንድ የተያዘ፤ የዚያ ዘመን ፕሪየስ የለውም። ኩርባ ላይ ትለያለች።

ከሲያትል፦ በ134 የፈረስ ጉልበት የምን ኩርባ?

ከአትላንታ፦ ኡበር ለመንዳት ከሆነማ ፕሪየስህን ያዝ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሌላ ቦታ ተከራከሩ።

ከዴንቨር፦ ስፖርት ሞድ ጉልበት ይጨምራል?

መልስ፦ አይጨምርም፤ 134ቱ ያው 134 ነው። ነዳጅ መስጫው ቶሎ ይመልሳል፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ቮልቴጅም ከ500 ይልቅ እስከ 650 ይፈቀድለታል። ዳሽቦርዱ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ይዞራል፤ የኃይል መለኪያውም የሞተር ዙር ቆጣሪ ይሆናል። ቀዩን ያየ ሁሉ ፈጠነች ይላል።

ከሂውስተን፦ ፕሪሚየም ቤንዚን ልሙላ?

መልስ፦ ተራው 87 ኦክቴን ቤንዚን ይበቃታል። ብር ተርፎሃል እንዴ?

ከላስ ቬጋስ፦ ወደ አዲስ አበባ ልልካት አስቤያለሁ።

መልስ፦ በፈረንጆቹ 2024 መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። መርከብ ከመፈለግህ በፊት ጉምሩክን ጠይቅ። እኔ መካኒክ ነኝ።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ ባትሪውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ አንተ ልጅ፣ ከላይ ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ የጻፍኩትን አንብብ። ወንፊት! ሙቀት!

ከኮሎምበስ፦ ማርሹ ላይ ያለችው ቢ ባትሪ መሙያ ናት ይላሉ። ሁሌ በእሷ ልንዳ?

መልስ፦ ማን ነው የሚላችሁ? ቢ ለረጅም ቁልቁለት ናት፤ ሞተሩን እያሽከረከረች ፍሬኑን ታግዛለች። ያ ጉልበት ባትሪ ውስጥ ሳይገባ በሞተሩ በኩል ይባክናል። ከተማ ውስጥ በዲ፣ በተለመደው መንጃ ማርሽ፣ ንዳ፤ ፍሬኑን ቀስ አድርገህ ስትረግጥ ባትሪው ያኔ ይሞላል። ተራራ ስትወርድ ቢ አስገባ፣ ሜዳ ስትደርስ መልሳት።