አልጋ ስር የገቡት ልብወለዶች

ሰላም እትዬ፣ እንደምን ነዎት። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ ግን ጽፌ አላውቅም፣ ይሄንንም ሦስቴ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ፣ ስለዚህ ከተዘበራረቀብዎት ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ መጽሐፍ ከያዝኩ ስሜ ቢጠራ የማልሰማ ሰው ነኝ፣ በተለይ ልብወለድ ከሆነ። ጌታን ካወቅሁ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ማንበቤንም አላቆምኩም፣ ችግር ይሆናል ብዬም አስቤ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ግን የጥናት ግሩፓችን ውስጥ የሚያስተምረን ወንድም (በጣም የማከብረው ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም) ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ልብወለድ አየና "እህቴ ይሄ የዓለም ባህል እኮ ነው፣ የኤፌሶን ሰዎች ሲያምኑ መጽሐፎቻቸውን አቃጠሉ፣ አንቺ ተሸክመሽ ትዞሪያለሽ?" አለኝ፣ ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ። ምንም አልመለስኩለትም። ቤት ገብቼ ሼልፌ ላይ ያሉትን ልብወለዶች በሙሉ፣ 50 ምናምን ይሆናሉ፣ ካርቶን ውስጥ ከትቼ በፕላስተር አሽጌ አልጋ ስር ገፋኋቸው። ላቃጥላቸውም አስቤ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ለሦስት ሳምንት ያህል ጥሩ ነበርኩ፣ ከዛ ስልኬ ላይ ፒዲኤፍ ማውረድ ጀመርኩ። አሁን ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኜ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጌ እስከ ስምንት ሰዓት አነባለሁ። ብቻዬን እኮ ነው የምኖረው፣ ከማን እንደምደበቅ አላውቅም። ጠዋት ደግሞ እንቅልፍ እያዳፋኝ የመጽሐፍ ቅዱስ አፑን ከፍቼ የዕለቱን ምዕራፎች ራይት አደርጋለሁ፣ በዓመት የመጨረስ ፕላን ላይ ነኝ፣ አንድም ቀን አላለፈኝም። ግን እውነቱን ልንገርዎትና ትናንት ያነበብኩት ምን ነበር ቢሉኝ አላውቅም። ዛሬ ኤርምያስ ከ35 እስከ 38 ጨርሻለሁ፣ ይሄንንም የማውቀው አፑ ስለሚነግረኝ ነው።

በቀደም ያነበብኩት ልብወለድ ላይ ደግሞ ከልጁ ጋር የተኳረፈ አባት አለ፣ ደጃፏ ድረስ መጥቶ ሊያንኳኳ እጁን ያነሳና ቆይቶ ቆይቶ መልሶ ኪሱ ይከተዋል፣ እሷ ከውስጥ ሆና በበሩ ስር ጥላውን እያየች ዝም ትላለች። እትዬ፣ ስልኩን አስቀምጬ አለቀስኩ። በነጋታው አባቴ ጋ ደወልኩ፣ ለሰባት ወር አላወራንም ነበር። ለምን ይሄን እንደነገርኩዎት እንጃ።

ሁሉም ግን እንደዚህ አይደሉም፣ ጨርሻቸው ስነሳ ራሴን የጠላሁባቸው ሁለት መጽሐፎችም አሉ። ልብወለድ ማንበብ ለክርስቲያን ኃጢአት ነው ወይ? ካርቶኑን ላቃጥለው ወይስ ልክፈተው?

ካርቶን ላይ የምተኛዋ

———

የኔ ልጅ፣ ብርድ ልብሱ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ፣ ኤርምያስ ጋ ስደርስ ጠፋ። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የወንድማችንን ጥቅስ እንየው። የሐዋርያት ሥራ 19፣19 ላይ የተቃጠለው የአስማት መጽሐፍ ነው፣ ሲሠሩበት የኖሩት፣ ራሳቸው ባለቤቶቹ አምጥተው ያቃጠሉት፣ ዋጋው ሲሰላም 50,000 የብር ሳንቲም የሆነ። ጳውሎስ አቃጥሉ ብሎ ሲያዝ እዛ ላይ አላየሁም። ይኸው ጳውሎስ ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ አቴና ላይ ሲሰብክ "እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነን" የምትለዋን ስንኝ፣ የራሳችሁ ገጣሚዎች ያሏት ናት ብሎ ይጠቅሳታል። ገጣሚው አራጦስ ይባላል፣ ከጳውሎስ 300 ዓመት ገደማ የሚቀድም፣ እንደ ጳውሎስ የኪልቅያ አገር ልጅ ነው። ግጥሙ ስለ ከዋክብት ነው፣ እና "ዘመዶቹ ነን" ያለው የማንን ዘመድ መሰለሽ? የዜኡስን! ጣዖት የተወደሰበትን ስንኝ አንስቶ ወደ እውነተኛው ፈጣሪ አዞረው፣ ይሄን ለማድረግ ደግሞ መጀመሪያ ስንኙን ማወቅ ነበረበት። "ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል" የምትለዋም፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፣33፣ ከግሪካዊው ሜናንደር ቴአትር የምትታወቅ አባባል ናት፣ ያውም ከኮሜዲ። (ቴአትርና ልብወለድ ይቅርብሽ ሲሉ ይቺኑ ጥቅስ የሚያነሱ ሰዎች ሲገጥሙኝ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ።)

ዳንኤልንም እዪው። ባቢሎን ላይ ሦስት ዓመት የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ እንዲማር ተመደበ፣ እምቢ ያለው የንጉሡን ምግብና ወይን ነው፣ መጽሐፉን አይደለም። እኛ ብንሆን ምግቡን ጥርግ አድርገን በልተን መጽሐፉን ነበር የምናወግዘው።

ስለዚህ ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ግን እዚህ ላይ ባቆም ደብዳቤሽን አላነበብኩትም ማለት ነው።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጄሮም የሚባል ሰው ነበር፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው። ወጣት ሳለ ይጾማል፣ ጾሙን ሲጨርስ ሲሴሮ የሚባለውን ዓለማዊ የሮም ጸሐፊ ያነባል፣ ወደ ነቢያት ሲመለስ ግን ቋንቋቸው ሸካራ ሆኖበት ይጎረብጠዋል። ታሞ ሊሞት ሲል በህልሙ ፍርድ ወንበር ፊት ቀረበ፣ ማነህ ሲባል ክርስቲያን ነኝ አለ፣ "ትዋሻለህ፣ አንተ የሲሴሮ ነህ" ተብሎ ተገረፈ። ይሄን ራሱ ነው የጻፈው። እዛው ህልሙ ውስጥ ዓለማዊ መጽሐፍ ሁለተኛ አልነካም ብሎ ማለ፣ በኋላ ግን ጽሑፎቹ በድሮዎቹ ደራሲዎች ጥቅስ ተሞልተው ስለነበር መሃላህን አፍርሰሃል ተብሎ ተከሷል። አንቺም ካርቶን አሽገሽ ፒዲኤፍ ያወረድሽ ነሽና ትረጂዋለሽ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፣ ያ ሰው ያንኑ የጎረበጠውን የነቢያትን ቋንቋ ዕብራይስጡ ድረስ ወርዶ ተምሮ ዕድሜውን እዛ ላይ ጨረሰ። የማንበብ ፍቅሩን አልገደለውም፣ ወደዛ ይዞት ሄደ።

አሁን ወደ ኤርምያስ። ስለ ልብወለዱ ስትነግሪኝ የአባትየውን እጅ፣ ኪሱን፣ በበሩ ስር ያለውን ጥላ ሳይቀር ነገርሽኝ። ስለ ኤርምያስ ስትነግሪኝ ቁጥር ነገርሽኝ። ልብወለዱን ታነቢዋለሽ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ትቆጥሪዋለሽ። ጠዋት ራይት ካደረግሻቸው ውስጥ ምዕራፍ 36 አለ አይደል? እዛ ላይ እኮ ንጉሥ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ ምድጃ ፊት ለፊት ተቀምጦ የነቢዩ ክርታስ ይነበብለታል፣ ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በካራ እየቆረጠ እሳቱ ውስጥ ይጥለዋል፣ ክርታሱ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ። መጽሐፍ ላቃጥል ወይስ ልተው እያለች እንቅልፍ ያጣች ልጅ መጽሐፍ ሲቃጠል ዓይኗ እያየ አለፈች! ልብወለድ ውስጥ ቢሆን ይሄ ያመልጥሽ ነበር?

ፕላኑን ለአንድ ወር አቁሚው፣ አፑ ቢያኮርፍም ያኩርፍ። በቀን አንድ ታሪክ ውሰጂ፣ ቦታው የት ነው፣ ማን ዝም አለ፣ ማን እጁን አነሳ፣ ማን መልሶ ከተተ፣ በልብወለዱ ዓይንሽ እዪው። ያ ዓይን ስጦታሽ ነው። ለአባትሽ መደወልሽን ለምን እንደነገርሽኝ እንጃ ብለሻል፣ እኔ ግን ነቢዩ ናታን ትዝ አለኝ። ንጉሥ ዳዊት ስለ ኃጢአቱ በቀጥታ ቢነግሩት ላይሰማ ይችል ነበር፣ ናታን የአንዲት በግ ታሪክ ፈጥሮ ሲነግረው ግን ራሱ ላይ ፈረደ። ያ አባት ደጃፍሽ ላይ የቆመው እንደዛ ነው።

ካርቶኑን ክፈቺው። ሁለቱን መጽሐፎች ግን አውጥተሽ ጣያቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑ እኔን አልጠየቅሽኝም፣ ታውቂያቸዋለሽ። ለሌላው ሰው ምንም ላይሆኑ ይችላሉ፣ አንቺን ግን ጎድተውሻል፣ ይበቃል። ስልኩንም ማታ ከመኝታ ክፍል አውጪው፣ ይሄኛው ስለ ባህልም ስለ ሥነ መለኮትም አይደለም፣ ስለ እንቅልፍ ነው።

ወንድማችንን ለብቻው አግኝተሽ አነጋግሪው፣ በግሩፑ ፊት ግን እንዳታደርጊው፣ ሰው ፊት መነገር ምን እንደሚመስል ቀምሰሽዋል። የአባትየውን ታሪክ ንገሪው፣ ከዛ መደወልሽን። እሱም ተደብቆ የሚያነበው ነገር ይኖረው ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

ዛሬ ማታ ደግሞ ምዕራፍ 36ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢውና ክርታሱ ከተቃጠለ በኋላ ኤርምያስና ጸሐፊው ባሮክ ምን እንዳደረጉ ጻፊልኝ።